ከሾላ ገበያ እስከ እንጦጦ፦ የፕሮስቴት ካንሰር ላለበት ሰው የአመጋገብና የኑሮ መመሪያ

የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለበት የተነገረው ሰው ቤት ብዙ ሳይቆይ ሁለት ዓይነት ምክር ይገባል። አንደኛው «ጋሼ፣ ይብሉ እንጂ፤ ሰውነትዎ እንዳይወድቅ» እያለ ቅቤ፣ ሥጋና ማር ይዞ ይመጣል። ሁለተኛው «ስኳር አይንኩ፣ ሥጋ አይቅመሱ፣ ይህን ቅጠል በባዶ ሆድ ይጠጡ» ይላል። ሁለቱም ከፍቅር የመጡ ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ ምግብን መድኃኒት፣ ሌላው መርዝ አድርጎ ስለሚያየው ሁለቱም ይሳሳታሉ። የዚህ መመሪያ መነሻ ሌላ ነው፦ ምግብና እንቅስቃሴ ካንሰሩን አያጠፉም፤ ካንሰሩና ሕክምናው የሚያዳክሟቸውን ልብ፣ አጥንት፣ ጡንቻና የደም ስኳር ግን ይጠብቃሉ። ይህን ለይቶ የያዘ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሾላ ገበያ ሲወጣ ምን እንደሚገዛና ምንን እንደሚያልፍ፣ ሐኪም ዘንድም መቼ መሮጥ እንዳለበት ለመወሰን አይቸገርም።

ለዚህ ከቀረቡት ማስረጃዎች አንዱ በብሪታንያ የተካሄደው ፕሮቴክት የተባለ ጥናት ነው። ካንሰራቸው ከፕሮስቴት ሳይወጣ የተደረሰበት 1,643 ወንዶች ተከፋፍለው አንዱ ክፍል በቀዶ ሕክምና፣ ሌላው በጨረር እንዲታከም፣ የቀሩት በክትትል እንዲቆዩ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የ15 ዓመት ውጤት እንደሚያሳየው ከመካከላቸው 356ቱ ሞተዋል፤ በፕሮስቴት ካንሰሩ የሞቱት ግን 45 ብቻ ናቸው። ሌሎቹ የሞቱት በሌላ ምክንያት ነው። «ያ በጊዜ ለተደረሰበት የፈረንጅ ታማሚ ነው፤ የእኛ ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው በሽታው አጥንት ከገባ በኋላ ነው» የሚል ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም። ዘግይቶ መድረስ በእርግጥ የሀገራችን ችግር ነው፤ ይሁንና ይህ የሰውነትን አቅም መጠበቅ ይበልጥ አስፈላጊ መሆኑን እንጂ ከንቱ መሆኑን አያሳይም። በሽታው የተስፋፋበት ሰው ዋና ሕክምና የወንድ ሆርሞንን መቀነስ ነው፤ ቻርልስ ሃጊንስ እ.ኤ.አ. በ1941 ያሳየውና በ1966 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት መንገድ ነው። የዘር ፍሬን በማውጣትም ሆነ በመርፌ ቢሰጥ፣ ይህ ሕክምና አጥንት ያሳሳል፣ ጡንቻ ይቀንሳል፣ ሆድ ዙሪያ ስብ ያከማቻል፣ ለስኳር በሽታና ለልብ ሕመም ያጋልጣል። ምግብና እንቅስቃሴ ሥራ የሚኖራቸው እዚህ ነው።

እርምጃ 1፦ ከገበያ በፊት የት እንዳሉ ይወቁ

አንድ ዓይነት ምግብ ለሁሉም ታማሚ አይሆንም። ስለዚህ ሐኪምዎን አራት ነገር ይጠይቁ፦ ካንሰሩ ከፕሮስቴት ወጥቷል ወይ? አጥንት ውስጥ ገብቷል ወይ? የምወስደው ሕክምና ሆርሞን የሚቀንስ ነው ወይ? ኩላሊቴ ደህና ነው ወይ? ከዚያ መነሻ የሚሆኑ ልኬቶችን ያስመዝግቡ፦ ክብደት፣ የወገብ ዙሪያ፣ የደም ግፊት፣ የደም ስኳርና የደም ቅባት። ለእነዚህ ትልቅ ሆስፒታል መሄድ አያስፈልግም፤ አብዛኞቹ በጤና ጣቢያ ይሠራሉ። ክብደትን ብቻ ሳይሆን ወገብን መለካት የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በሀገራችን ታሞ የወፈረ ሰው «ተሻለው፣ አማረበት» ይባላል። ሆርሞን የሚቀንስ ሕክምና ላይ ያለ ሰው ግን ጡንቻው እያለቀ ሆዱ ሊሰፋ ይችላል፤ ሚዛኑ ሳይቀንስ አቅሙ ይቀንሳል። ዘመድ በወዙ ሲደሰት እሱ ከወንበር ለመነሳት እጁን መደገፍ ከጀመረ ያ መሻሻል አይደለም። በየወሩ በተመሳሳይ ቀን ክብደትና ወገብን ለክቶ መጻፍ ከማንኛውም አስተያየት ይበልጣል።

እርምጃ 2፦ የዘንቢሉን ትልቅ ቦታ ለጥራጥሬና ለአትክልት ይስጡ

መገናኛ አጠገብ ካለው ሾላ ገበያ ሲገቡ የመጀመሪያው ገንዘብ ለምስር፣ ለአተር፣ ለባቄላና ለሽምብራ ይውጣ። እነዚህ ፕሮቲንና አሰር አንድ ላይ ይሰጣሉ፤ ጡንቻን ያግዛሉ፣ የሆድ ድርቀትን ይቀንሳሉ፣ የደም ስኳርን ቶሎ ከፍ አያደርጉም። ቀጥሎ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቲማቲም፣ ቀይና ነጭ ሽንኩርት ይግዙ። ለቁርስ ከነጭ ዳቦ ይልቅ የገብስ ወይም የስንዴ ቅንጬ፣ የአጃ ገንፎ ወይም አጥሚት ይሻላል። ጤፍ ጥሩ እህል ነው፤ ሆኖም የእንጀራው ብዛት ከወጡ ሲበልጥ ምግቡ በአብዛኛው ስታርች ብቻ ይሆናል። በቀጭን ሽሮ ሦስት እንጀራ ከመብላት በወፍራም ሽሮ፣ በምስርና በጎመን አንድ ወይም አንድ ተኩል መብላት ለስኳሩም ለወገቡም ይበጃል። ጥሬ ለሚበላው ሰላጣና ቲማቲም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በአዲስ አበባ ወንዞች ዳር በተበከለ ውሃ የሚለማ አትክልት ገበያ ስለሚገባ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ፣ የሚበስለውን ማብሰል ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ የማይደበቅ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ የታተመ አንድ የአሜሪካ ሙከራ በክትትል ላይ ካሉ 478 ወንዶች ግማሾቹ በቀን 7 ድርሻና ከዚያ በላይ አትክልት እንዲበሉ በምክር ደገፋቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ የካንሰሩ መባባስ በሁለቱ ወገኖች መካከል የረባ ልዩነት አላሳየም። ታዲያ ጎመኑ ምን ይሠራል? ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱም ጎመን የሚበላው ለካንሰሩ ሳይሆን ለሰውየው ነው የሚል ነው። ጥራጥሬና አትክልት ለልብ፣ ለደም ግፊትና ለደም ስኳር ያላቸው ጥቅም በዚህ ሙከራ አልተነካም። ውጤቱ የሚያፈርሰው «ሕክምናውን ትቼ በአትክልት እድናለሁ» የሚለውን ተስፋ ነው፤ ያ ተስፋ መፍረሱም መልካም ነው።

እርምጃ 3፦ ቅባቱን ይቀይሩ፣ ሥጋውን ይመጥኑ

ሾላ የሚሄድ ሰው ለጋና በሳል ቅቤ አማርጦ መግዛት ይችላል፤ ፈተናውም እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ ካንሰሩ ያልተሰራጨባቸውን 4,577 ወንዶች የተከታተለ ጥናት፣ ከኃይል ሰጪ ምግባቸው 10 በመቶውን ከስታርችና ከስኳር ወደ አትክልት ቅባት የቀየሩት ሰዎች ካንሰራቸው የመሰራጨት ወይም የመግደል ዕድሉ በ29 በመቶ ያነሰ ሆኖ አገኘው። ይህ የምልከታ ጥናት እንጂ ሙከራ ስላልሆነ የመጨረሻ ማረጋገጫ አይደለም፤ ለልብ ከሚታወቀው ጋር ግን ይስማማል። በተግባር፦ ለዘወትር ወጥ የኑግ፣ የሱፍ ወይም ሌላ ፈሳሽ ዘይት በልኩ ይጠቀሙ፤ የሚረጋውን የፓልም ዘይት ይቀንሱ፤ ቅቤን ለበዓል ወጥ ያቆዩት። ኦቾሎኒ፣ ተልባ፣ ሱፍና አቮካዶ ጥሩ ቅባት አላቸው። ኦቾሎኒ ሲገዙ የሻገተውንና ቀለሙ የተለወጠውን ይተዉ፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የጉበት ካንሰር ያመጣል። ቀይ ሥጋ የሳምንቱ አንድ ወይም ሁለት ማዕድ ይሁን፤ ዓሣ፣ ዶሮና እንቁላል ተራውን ይካፈሉት።

«ስኳር ካንሰርን ይመግባል» የሚለው አባባልም እዚህ መልስ ይፈልጋል። እያንዳንዱ ጤነኛ ሕዋስ ስኳር ይጠቀማል፤ ሰውነትም ምግብ ባይገባለት ከራሱ ይሠራዋል። ስለዚህ ስኳር በመተው ዕጢን ማስራብ አይቻልም፤ ፍራፍሬን በፍርሃት መተውም ጉዳት ነው። ለስላሳ መጠጥንና ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚገባበትን ሻይ መቀነስ የሚያስፈልገው ሆርሞን የሚቀንሰው ሕክምና ለስኳር በሽታ በር ስለሚከፍት ነው። ምክንያቱን ማወቅ ልኩን ለማወቅ ይረዳል።

እርምጃ 4፦ ጾሙን ይጠቀሙበት እንጂ አይጎዱበት

የኦርቶዶክስ ጾመኛ ከዓመቱ ቢያንስ ግማሽ ያህሉን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይርቃል፤ የዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ሱፍ ፍትፍት ያሉበት የጾም ማዕድ በሌላ ዓለም ያሉ ሐኪሞች ለልብ ታማሚ ከሚያዙት ብዙም አይርቅም። ችግሩ ያለው በሦስት ቦታ ነው። መጀመሪያ፣ ጾም ማለት ሳምቡሳ፣ የተጠበሰ ድንችና ዳቦ በሻይ ማለት ከሆነ ጥቅሙ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ እስከ ከሰዓት ሳይበሉ ቆይተው በአንድ ጊዜ የሚበሉ አዛውንት የሚያስፈልጋቸውን ፕሮቲን አያገኙም፤ ከጡንቻ መቀነስ ጋር ሲደመር ይከፋል። ሦስተኛ፣ ከፋሲካ ሌሊት ጀምሮ በጥቂት ቀን የሚበላው ሥጋና ቅቤ የሁለት ወሩን ልማድ ያፈርሳል። መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድ ያለበት ወይም ክብደቱ የሚቀንስ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ጾምን ታቀላለች። እስልምናም በረመዳን ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል። ፈቃድ እያለ በሽታን ደብቆ መጾም ከእምነት አይቆጠርም።

እርምጃ 5፦ አጥንትን አስቀድመው ይጠብቁ

በዕድሜ የገፋ ወንድ በቀን ከ1,000 እስከ 1,200 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልገዋል። አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ 300 ሚሊ ግራም ገደማ ይሰጣል፤ የቀረው ከጤፍ፣ ከጥራጥሬና ከጎመን ይሟላል። ጎመን ከቆስጣ የሚመረጥበት ምክንያት አለ፤ ቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ይዞ ስለሚያስቀረው ሰውነት ብዙ አይጠቀምበትም። «ወተት የፕሮስቴት ካንሰርን ያባብሳል» የሚሉ አሉ። መሠረት የሌለው ወሬ አይደለም፤ ብዙ ወተትና በጣም ከፍተኛ ካልሲየምን ከከፋ የፕሮስቴት ካንሰር ጋር ያያያዙ ጥናቶች አሉ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግን በአንድ ብርጭቆ መወሰን እንጂ አጥንትን ማስራብ አይደለም። የካልሲየም ክኒንም ሐኪም ሳያዝ አይጀመር። ቫይታሚን ዲ በዋናነት ከፀሐይ ይገኛል፤ ካፖርትና ጋቢ ተከናንቦ ቤት የሚውል ሰው አዲስ አበባ ላይም ሊያጥረው ይችላል። ጠዋት እጅጌን ሰብስቦ ደጅ መውጣት ወጪ የለውም።

እርምጃ 6፦ በየቀኑ ይንቀሳቀሱ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ ያሠሩ

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ 1,455 ታማሚዎችን ያካተተ ጥናት በሳምንት 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ፈጠን ብለው የተራመዱት፣ ቀስ ብለውና ከዚያ ላነሰ ጊዜ ከተራመዱት ይልቅ ካንሰራቸው የመባባስ ዕድሉ በ57 በመቶ ያነሰ እንደነበር ዘግቧል። «ጤነኛው ስለሆነ እንጂ መራመዱ አይደለም ያዳነው» ቢባል ያስኬዳል፤ ምልከታ ብቻውን ይህን አይለይም። ስለዚህ ሌላ ማስረጃ ይጨመር፦ እ.ኤ.አ. በ2010 በአውስትራሊያ ሆርሞን የሚቀንስ ሕክምና ላይ ያሉ 57 ወንዶች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ለ12 ሳምንት ክብደት የማንሳትና የመራመድ ሥልጠና ወሰዱ፤ ጡንቻቸውና ጉልበታቸው ጨመረ። ሾላ ባለበት በየካ ክፍለ ከተማ ለሚኖር ሰው መንገዱ ደጃፉ ነው። ከሾላ እስከ መገናኛ ያለውን ጎዳና በእግር በመሄድ ይጀምሩ፤ ሲለመድ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ። ልኩ እያወሩ መሄድ መቻል፣ ግን መዝፈን አለመቻል ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚያልፍ ስለሆነ የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ። ለጡንቻ፣ በሳምንት ሁለት ቀን እጅን ሳይደገፉ ከወንበር 10 ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ መግፋት፣ ሁለት ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ ማንሳት ይበቃል። «የታመመ ይረፍ» የሚለው ልማድ ለትኩሳት ይሠራል፤ ለዚህ በሽታ ግን አልጋ ጡንቻና አጥንት ይበላል። ካንሰሩ አጥንት የገባበት ሰው ብቻ ከባድ ነገር ከማንሳት፣ ወገብ ከማጣመምና በደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከሚያንሸራትት ቁልቁለት ይራቅ።

እርምጃ 7፦ ሕክምናው ሲለወጥ ምግቡም ይለወጥ

ኬሞቴራፒ ላይ ሲሆኑ ነጭ የደም ሕዋስ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቁርጥ፣ ጥሬ ክትፎ፣ ለብ ለብ ዱለትና ያልፈላ ወተት ፈጽሞ ይቅሩ። ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ይሂዱ። ጨረር ላይ ከሆኑ ስለ ሽንት መያዝና ስለ ሆድ ማጽዳት የሚሰጥዎትን መመሪያ በትክክል ይከተሉ፤ ሚጥሚጣ፣ ቡናና አልኮል ፊኛን ስለሚያስቆጡ ይቀንሱ። አቢራቴሮን የተባለውን ሆርሞን የሚቀንስ ክኒን የሚወስድ ሰው በባዶ ሆድ ይዋጠው፤ ከበሉ ቢያንስ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከዋጡም በኋላ አንድ ሰዓት ሳይበሉ። ከምግብ ጋር ሲሆን ወደ ደም የሚገባው መጠን በጣም ይጨምራል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሽንት የሚያመልጠው ሰው ውሃ መተው የለበትም፤ ሽንት የሚያቆመውን ጡንቻ ማሠራትን ከባለሙያ ይማር። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ የሽንት ፍሰትንም ያዳክማል። ሲጋራ ደግሞ ሰበብ የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ 5,366 ታማሚዎችን ያየ ጥናት ካንሰሩ ሲገኝ ያጨሱ የነበሩት በካንሰሩ የመሞት ዕድላቸው በፍጹም ካላጨሱት በ61 በመቶ የበለጠ ሆኖ አግኝቶታል።

ሳይፈልጉ ክብደት እየቀነሰ ከሆነ ግን ከላይ ያለው የመመጠን ምክር ይገለበጣል። ያን ጊዜ ጥቂት ጥቂት እያሉ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ መብላት፣ በአጥሚቱ ላይ ወተትና የኦቾሎኒ ቅቤ መጨመር፣ እንቁላል ማዘውተር ተገቢ ነው። ቅቤውም ለዚህ ሰው ይፈቀዳል። ዘመድ የሚያመጣው ምግብ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ ይህ ነው።

እርምጃ 8፦ መድኃኒት ነው ብለው የሚሸጡልዎትን ይጠርጥሩ

ዝንጅብል፣ እርድ፣ ጥቁር አዝሙድና ነጭ ሽንኩርት በወጥ ውስጥ ደስ ይላሉ፤ ማንም አይከለክልም። በዱቄትና በጠርሙስ ተጨምቀው «ለፕሮስቴት» ተብለው ሲሸጡ ግን ነገሩ ይለያል። «የተፈጥሮ ነገር ምን ይጎዳል?» ለሚለው ሁለት መልስ አለ። በሰሜን አሜሪካ ከ35,000 በላይ ወንዶች የተሳተፉበት ሴሌክት የተባለ ሙከራ ቫይታሚን ኢ የፕሮስቴት ካንሰርን ይከላከላል ተብሎ ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው ውጤት ቫይታሚኑን የወሰዱት በካንሰሩ የመያዝ ዕድላቸው በ17 በመቶ መጨመሩን ነው። ሌላው ፒሲ-ስፔስ የተባለ ከስምንት ዕፅዋት የተሠራ ነው የተባለ የፕሮስቴት እንክብል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ከገበያ ሲነሳ በውስጡ ደም የሚያቀጥን መድኃኒትና ሰው ሠራሽ የሴት ሆርሞን ተገኘበት። ካንሰሩን ለመከታተል በደም የሚለካውን ፒኤስኤ የተባለ ፕሮቲን ይቀንስ የነበረው ቅጠሉ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ማንኛውንም ቅጠል ወይም ክኒን ከመጀመርዎ በፊት ለሐኪም ያሳዩ፤ የሚደብቁት ነገር ጉበትን ሊጎዳ፣ መድኃኒቱንም ሊያሰናክል ይችላል። እንጦጦ ወጥተው ጸበል ለሚጠመቁም መልሱ «ወይ ይህ ወይ ያ» አይደለም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤችአይቪ ታማሚዎች ጸበሉን ከመድኃኒታቸው ጋር አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር፤ ምክሩ ለካንሰር ታማሚም ይሆናል።

በመጨረሻ፣ ምንም ዓይነት ምግብ የማይመልሳቸውን ምልክቶች ይወቁ፦ ድንገት እግር መዛል ወይም መደንዘዝ፣ አዲስና የሚያይል የወገብ ሕመም፣ ሽንት እንቢ ማለት ወይም ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል። ዕጢው ኅብለ ሰረሰርን እየተጫነ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መድረስ በእግር መሄድንና አለመሄድን ይወስናል። ከዚህ ውጪ ያለው ሥራ በእጅዎ ነው። በዚህ ሳምንት ወገብዎንና የደም ግፊትዎን ይለኩ፣ ከሾላ ምስርና ጎመን ይግዙ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ይራመዱ፣ የሐኪም ቀጠሮዎን ግን በአንዱም አይለውጡ።